አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ፤ አስፈላጊነቱና ጥቅሙ

አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ እንግዳ የወዳጁን ቤት ቢጠይቅ፥ «ከአደባባዩ ወረድ ብለህ፥ ከመድኃኒት ቤቱ ጐን ባለው መንገድ ታጥፈህ፥ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ ነው» ይባላል። እንግዳውም ዐይን አለውና ያያል፤ አፍ አለውና ደግሞ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም ይደርሳል። በኢንተርኔት ከአገር ወደ አገር የሚላክ መልእክት ግን አረንጓዴ በር አያውቅም፥ መንገደኛም አቁሞ አይጠይቅም። የሚያውቀው ቍጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ መረብ ጋር የተገናኘ ማናቸውም መሣሪያ፥ ስልክም ቢሆን፥ ኮምፒዩተርም ቢሆን፥ የባንክ የገንዘብ መክፈያ ማሽንም ቢሆን፥ መልእክት ለመላክና ለመቀበል የአድራሻ ቍጥር ያስፈልገዋል።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ያሰብነው ይህ የአድራሻ ቍጥር እንዴት እንደ ተሠራ፥ አሮጌው ስለ ምን እንዳለቀ፥ አዲሱም ምን ጥቅም እንደሚሰጥ ነው። ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ዕቃ ለሚያስገዛ የመሥሪያ ቤት ሹምም፥ ባሕር ማዶ ካለች ልጇ ጋር በስልክ ለምትነጋገር እናትም የሚደርስ ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን አንድ ቃል እንፍታ። ፕሮቶኮል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የእንግዳ አቀባበል ሥርዓትን፥ ማን በማን ቀኝ እንደሚቀመጥ የሚወስነውን ደንብ ነው። የኢንተርኔት ፕሮቶኮልም ከዚህ እጅግ አይርቅም። መልእክቱ በምን መልክ እንዲታሸግ፥ የላኪውና የተቀባዩ ቍጥር በየት በኩል እንዲጻፍ፥ በመንገድ ያሉት ራውተር የሚባሉ መሣሪያዎችም እንዴት እንዲያሳልፉት የሚያዝ የጋራ ደንብ ነው። አሮጌው ደንብ አይፒቪ 4 ሲባል፥ አዲሱ አይፒቪ 6 ይባላል። አምስተኛው ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፥ ያ ቍጥር ድምፅንና ሥዕልን ለማስተላለፍ ይሞከር ለነበረ ለሌላ ደንብ ቀድሞ ተሰጥቶ ስለ ነበር ተዘለለ።

አሮጌው ደንብ የታተመው በሴፕቴምበር 1981 ነው። ለእያንዳንዱ አድራሻ 32 ቦታዎች መደበ፤ በእያንዳንዱም ቦታ የሚቀመጠው 0 ወይም 1 ነው። ይህም በጠቅላላው 4,294,967,296 አድራሻ ይሰጣል። ሥራውን ከመሩት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ቪንት ሰርፍ ይህን ስፋት በ1977 ሲወስኑ ነገሩን እንደ ሙከራ ይቈጥሩት እንደ ነበር ከጊዜ በኋላ ተናግረዋል። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር የነበራቸው ጥቂቶች ስለ ነበሩ፥ ከአራት ቢሊዮን የሚበልጥ ቍጥር ያልቃል ብሎ ማሰብ ቀልድ በመሰለ ነበር። ዛሬ የዓለም ሕዝብ ከስምንት ቢሊዮን በላይ ሆኗል፤ በአንድ ሰው እጅም አንዳንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት መሣሪያ ይገኛል።

አከፋፈሉም ቢሆን እኩል አልነበረም። ቀድሞ የደረሰ ሰፊውን መሬት እንደሚይዝ ሁሉ፥ በአሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ብቻውን 16,777,216 አድራሻዎች ይዞ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት ማለት ነው። በ2017 ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 8 ሚሊዮኑ ከሚያስፈልገው ትርፍ መሆኑን ተመልክቶ ሊሸጠው ወሰነ።

የዓለሙ ዋና ጐተራ ባዶ የሆነው ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 ነው። በዚያ ቀን የመጨረሻዎቹ አምስት ክፍሎች አድራሻን ለሚያድሉት ለአምስቱ የየክፍለ ዓለሙ ድርጅቶች አንድ አንድ ተሰጡ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ድርጅት በተራው ማለቅ ጀመረ፤ እስያ በዚያው ዓመት፥ ሰሜን አሜሪካ በ2015፥ አውሮፓም ፈጽሞ በኖቬምበር 2019። የእኛ ክፍለ ዓለም ድርጅት አፍሪኒክ ይባላል፤ መቀመጫውም በሞሪሽየስ ደሴት ነው። እርሱም በ2017 በቍጥብ ማደል ጀመረ፤ ከ2020 ጀምሮም ለአንድ ጠያቂ በአንድ ጊዜ ከ1,024 አድራሻ በላይ አይሰጥም።

እጥረት ባለበት ደግሞ ገበያ ይቆማል። በ2011 የከሠረው የካናዳ ኩባንያ ኖርቴል 666,624 አድራሻዎችን ለማይክሮሶፍት በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ አንዱ ቍጥር 11 ዶላር ከ25 ሳንቲም መሆኑ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ የአንዱ ዋጋ ወደ 50 ዶላር ደረሰ። አማዞን የተባለው ኩባንያ ኮምፒዩተሮቹን ከሚከራዩት ደንበኞቹ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ለእያንዳንዱ አሮጌ አድራሻ በሰዓት ግማሽ ሳንቲም ያስከፍላል። ትንሽ ይመስላል፤ ሲደመር ግን በዓመት 43 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። አንድ ቍጥር በዓመት ይህን ያህል ኪራይ ሲያወጣ ማየት ለእኛ ለደመወዝተኞች የሚያስገርም ነው።

ይህ ገበያ ወደ አፍሪካም ደርሶ ጉዳት አስከትሏል። በ2019 በአፍሪኒክ መዝገብ ላይ በተደረገ ማጭበርበር በሚሊዮን የሚቈጠሩ አድራሻዎች ያለ አግባብ ወደ ሌሎች እጅ እንደ ገቡ ተገለጠ። ቀጥሎም በአድራሻዎቹ አጠቃቀም ምክንያት ከአንድ ባለ ብዙ አድራሻ ኩባንያ ጋር ክርክር ተነሥቶ፥ በ2021 የድርጅቱ የባንክ ሒሳብ በሞሪሽየስ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለጊዜው ታገደ፤ በ2023ም በፍርድ ቤት የተሾመ ንብረት ጠባቂ ተቀመጠበት። ከሁሉ የሚበልጠው የሕዝብ ቍጥር ገና ወደ መረቡ የሚገባበት ክፍለ ዓለም የቀረውን ጥቂት ቍጥር በክርክር ሲያጣ ማየት ያሳዝናል።

እንግዲህ ቍጥሩ ካለቀ ዓመታት አልፈው ሳለ፥ በየቀኑ የሚገዙት አዳዲስ ስልኮች እንዴት ይገናኛሉ? መልሱን ለመረዳት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጐራ ማለት ይበቃል። መሥሪያ ቤቱ ሁለት መቶ ሠራተኞች ቢኖሩትም ያለው የፖስታ ሣጥን ቍጥር አንድ ነው። ደብዳቤ ሲወጣ የመዝገብ ቤቱ ጸሓፊ ቍጥር ይሰጠዋል፥ ከየትኛው ክፍል እንደ ተጻፈም በወጪ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። መልሱ ያንን ቍጥር ጠቅሶ ሲመጣ፥ ጸሓፊው መዝገቡን አገላብጦ ለባለ ጉዳዩ ክፍል ይመራዋል። በኢንተርኔትም በቤታችንና በመሥሪያ ቤታችን ያለው ራውተር ይህንኑ ሥራ ይሠራል። በውስጥ ያሉት መሣሪያዎች ከግቢ ውጭ የማይታወቅ የውስጥ ቍጥር ይይዛሉ፤ በውጭ ግን ሁሉም በአንዱ ቍጥር ይታያሉ። ይህ አድራሻን የመለወጥ ዘዴ በሜይ 1994 ሲታተም ጸሓፊዎቹ ራሳቸው ለአጭር ጊዜ የታሰበ መፍትሔ መሆኑን ገልጸው ነበር። ጊዜያዊ ተብሎ የተሠራ ነገር ሠላሳ ዓመት እንደሚኖር በየመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ አያስደንቅም።

ዘዴው ብዙ ጠቅሟል፥ ነገር ግን ሦስት ጉድለት አለበት። አንደኛው፥ የወጪ መዝገቡን ቍጥር ሳይጠቅስ ከውጭ በራሱ የመጣ ደብዳቤ ለማን እንደሚሰጥ ጸሓፊው አያውቅም፤ ስለዚህ ይጥለዋል። ሁለተኛው፥ መዝገቡ መጨረሻ አለው፤ በአንድ አድራሻ ላይ የሚገኙት ተራ ቍጥሮች 65,536 ብቻ ናቸው፥ አንድ ስልክም ባንድ ጊዜ ብዙዎቹን ይይዛል። ሦስተኛው ግን ከእነዚህ የከፋ ነው። አድራሻ ያነሳቸው የስልክ ኩባንያዎች በቤት ውስጥ ያለውን ጸሓፊ ብቻ ሳይሆን ለከተማው ሁሉ ሌላ ትልቅ ጸሓፊ ስላቆሙ፥ የማይተዋወቁ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በአንድ ቍጥር ይጠሩ ጀመር።

የዚህን ጉዳት ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው በዐይኑ አይቶታል። አብሮን የሚሠራ አንድ ወጣት ባሕር ማዶ ለሚሰጥ የትምህርት ዕድል ማመልከቻውን በኢንተርኔት ሊያስገባ ለወራት ሲዘጋጅ ቈየ። ማስረጃዎቹን አስተርጕሞ፥ የምስክርነት ደብዳቤዎቹን አሰብስቦ፥ በመጨረሻው ቀን ማታ ቢከፍተው፥ ገጹ «ከዚህ አድራሻ ብዙ አጠራጣሪ ጥያቄ ስለ መጣ ታግዷል» የሚል ጽሑፍ አወጣበት። እርሱ ምንም አላደረገም። ከእኛም ማንም ምንም አላደረገም። በከተማው ውስጥ የማናውቀው ሰው፥ በዚያው ቍጥር ተጠልሎ፥ ያንን ገጽ ሲያስቸግር ውሎ ነበር። ወጣቱ በሌላ መስመር የሚሠራ ስልክ ፍለጋ ወደ አክስቱ ቤት ሮጦ ሲደርስ፥ መመዝገቢያው ከተዘጋ ሃያ ደቂቃ አልፎት ነበር። ምክንያቱን የመስመሩ ባለ ሙያ ያስረዳን ከሳምንት በኋላ ነው። ልጁ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቆ እንደ ገና አመለከተ።

አሁን ወደ አዲሱ ደንብ እንመለስ። ስቲቭ ዲሪንግና ሮበርት ሂንደን የተባሉ ሊቃውንት ያዘጋጁት የመጀመሪያው ጽሑፍ በዲሴምበር 1995 ታተመ፤ ተሻሽሎ በ1998 ወጣ፤ ሙሉ መደበኛ ደንብ ሆኖ የጸደቀውም በጁላይ 2017 ነው። የአድራሻው ስፋት ከ32 ወደ 128 ቦታ ከፍ ተደረገ። አንባቢ፥ አራት እጥፍ ብቻ ነው እንዳይል። አንድ ቦታ በተጨመረ ቍጥር ጠቅላላው በእጥፍ ያድጋል፤ ስለዚህ 128 ቦታ የሚሰጠው ቍጥር በ340 ተጀምሮ በጠቅላላው 39 አሃዝ ያለው ነው። ይህን ስም ሰጥቶ መጥራት ከማስቸገሩ የተነሣ፥ በምሳሌ መግለጥ ይሻላል። 64 ቤት ባለው የሰንጠረዥ መጫወቻ ላይ በመጀመሪያው ቤት አንድ ፍሬ ጤፍ፥ በሁለተኛው ሁለት፥ በሦስተኛው አራት እያልን በእጥፍ ብንሄድ፥ የዓለም ጤፍ ሁሉ ተሰብስቦ አይበቃንም። በአዲሱ ሥርዓት ለአንድ መኖሪያ ቤት መረብ ብቻ የሚሰጠው አድራሻ ከዚያ ጤፍ ድምር በአንድ ፍሬ ይበልጣል።

አጻጻፉም ለአማርኛ አንባቢ የማይከብድ ነው፤ እንዲያውም ለእኛ የቀረበ ይመስለኛል። አሮጌው አድራሻ አራት ቍጥሮችን በአንድ ነጥብ እየለየ ይጻፋል፤ ለምሳሌ ጉግል ለሕዝብ ክፍት ያደረገው የስም መፈለጊያ አገልግሎት 8.8.8.8 ነው። የዚሁ አገልግሎት አዲስ አድራሻ ደግሞ ይህ ነው፤

2001:4860:4860:0000:0000:0000:0000:8888

ስምንት ክፍሎች ናቸው፤ በየክፍሉ አራት አራት ምልክት አለ፤ የሚለያቸውም የጥንቱ ጽሑፋችን ቃልን ከቃል የሚለይበት ሁለት ነጥብ ነው። ባዶ ክፍሎች ተከታትለው ሲመጡ በአራት ነጥብ ይተካሉ፤ ስለዚህ ያ ረጅም አድራሻ 2001:4860:4860::8888 ተብሎ ያጥራል። አራት ነጥብ በአንድ ዐረፍተ ነገር መካከል ሁለት ጊዜ እንደማይገባ ሁሉ፥ በአንድ አድራሻም ውስጥ ሁለት ጊዜ አይገባም፤ ቢገባ በየቦታው ስንት ባዶ ክፍል እንደ ቀረ ማወቅ ባልተቻለ ነበር። ከላይ በተጻፈው አድራሻ አልታየም እንጂ፥ ከአሃዞቹ ሌላ የላቲን ፊደል የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሆሄያትም ያገለግላሉ፤ ምክንያቱም አቈጣጠሩ በዐሥር ሳይሆን በዐሥራ ስድስት ስለ ሆነ፥ ከ10 እስከ 15 ላሉት ቍጥሮች ነጠላ ምልክት ያስፈልጋል።

የአዲሱ ደንብ ጥቅም የቍጥር ብዛት ብቻ አይደለም። የአሮጌው መልእክት ራስጌ፥ ማለት በፖስታው ላይ የሚጻፈው፥ ርዝመቱ ከ20 እስከ 60 ባይት የሚለዋወጥ ነበር፤ በየመንገዱ ያለ ራውተርም የስሕተት መቈጣጠሪያውን ቍጥር እንደ ገና ማስላት ነበረበት። በአዲሱ ራስጌው ሁልጊዜ 40 ባይት ነው፥ ያም መቈጣጠሪያ ከራስጌው ወጥቷል። አድራሻው አራት እጥፍ ረዝሞ ሳለ ፖስታው እጥፍ ብቻ መሆኑ የአዘጋጆቹን ጥንቃቄ ያሳያል። እንዲሁም አዲስ መሣሪያ ወደ መረቡ ሲገባ ራውተሩ የቤቱን የጋራ ቍጥር ያሳውቀዋል፤ መሣሪያው የራሱን ቀሪ ቍጥር አዘጋጅቶ፥ ከጎረቤቱ ማንም እንዳልያዘው ጠይቆ አረጋግጦ ሥራ ይጀምራል። የሚያድል ጸሓፊ አያስፈልገውም።

ለቤተሰብ የሚቀርበው ጥቅም ግን ይህ ነው። እናት ከአዲስ አበባ፥ ልጅ ከዋሽንግተን በስልክ ሲተያዩ፥ ሁለቱም ከየጸሓፊያቸው ጀርባ ስለ ተቀመጡ አንዱ የሌላውን በር በቀጥታ ማንኳኳት አይችልም። ስልኮቹ በልዩ ልዩ ብልሃት መንገድ ሊከፍቱ ይሞክራሉ፤ ባይሳካላቸው ምስሉና ድምፁ በሦስተኛ ወገን ኮምፒዩተር በኩል ዞሮ እንዲያልፍ ይደረጋል፥ መዘግየቱና ወጪውም ይጨምራል። እያንዳንዱ ስልክ የራሱ አድራሻ ሲኖረው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ መነጋገር ይቀላል። የጐረቤት ጥፋትም በሰው ስም አይጻፍም።

እዚህ ላይ ስለ አዲሱ ደንብ አለ ልክ የሚወራውን ማረም ይገባል። ብዙ ጽሑፎች አዲሱ አድራሻ በተፈጥሮው ምስጢር ጠባቂ ነው ይላሉ። መልእክትን በምስጢር የመቈለፍ ዘዴ በመሣሪያው ሁሉ እንዲኖር ቀድሞ ታዝዞ ነበር፤ ከ2011 ወዲህ ግን ትእዛዙ ወደ ምክር ዝቅ ብሏል። የውጭ ሰው እያንዳንዱን መሣሪያ በቀጥታ ሊያንኳኳ ስለሚችልም፥ በበሩ ላይ ዘበኛ የሚሆን ፋየርዎል ማቆም ግዴታ ነው። የመዝገብ ቤት ጸሓፊ ለዘበኝነት አልተቀጠረም፤ እስካሁን የማይፈለገውን ያስቀረው በአጋጣሚ ነው። ሌላም ነገር አለ። በመጀመሪያ የአድራሻው መጨረሻ ከመሣሪያው የፋብሪካ ቍጥር ይወሰድ ስለ ነበር፥ ባለቤቱ ወዴትም ቢሄድ በእርሱ ሊታወቅ ይችል ነበር። ይህ ጉድለት ታውቆ በ2001 መድኃኒት ወጣለት፤ አሁን ስልኮቻችን ከቤት ሲወጡ የሚጠቀሙበት የአድራሻ መጨረሻ በየጊዜው የሚለወጥ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥቅም እያለ ለምን ዘገየ? ዋናው ምክንያት አሮጌውና አዲሱ በቀጥታ የማይግባቡ መሆናቸው ነው። አንዱን ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ ሌላውን ብቻ ከሚያውቀው ጋር አይነጋገርም፤ ስለዚህ በሽግግሩ ዘመን ሁለቱንም ጐን ለጐን ማስኬድ፥ ወይም በመካከል አስተርጓሚ ማቆም ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ወጪውን ይከፍላል፥ ጥቅሙን የሚያገኘው ግን ሌሎች ሲከተሉት ነው። ሆኖም ጁን 6 ቀን 2012 ታላላቆቹ ኩባንያዎች አዲሱን አድራሻ በቋሚነት ከፈቱ። በሕንድ አገር በ2016 ሥራ የጀመረው ጂዮ የተባለ የስልክ ኩባንያ ከመነሻው በአዲሱ ስለ ተመሠረተ፥ አገሪቱን ከፊተኞቹ ተርታ አስቀመጣት። ዛሬ ወደ ጉግል ከሚመጡት ተጠቃሚዎች ግማሽ ያህሉ በአዲሱ አድራሻ ይመጣሉ፤ በብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ግን ቍጥሩ ገና ዝቅተኛ ነው። በአሮጌው ብዙ ገንዘብ ያላፈሰሰ እንደ ጂዮ በአዲሱ መጀመር ስለሚችል፥ ይህ እድል ሳያልፍ መጠቀም ይገባል ብዬ አምናለሁ።

መንግሥታትም ገብተውበታል። የአሜሪካ መንግሥት በኖቬምበር 2020 ባወጣው መመሪያ መሥሪያ ቤቶቹ መሣሪያዎቻቸውን በደረጃ ወደ አዲሱ ብቻ እንዲያዛውሩ አዘዘ። የቼክ ሪፑብሊክ መንግሥት ደግሞ በጃንዋሪ 2024 ከሁሉ የደፈረ ውሳኔ ወሰነ፤ የመንግሥቱ አገልግሎት በአሮጌው አድራሻ የሚሰጠው እስከ ጁን 6 ቀን 2032 ድረስ ብቻ ነው። ለእኛ መሥሪያ ቤቶች የሚቀርበው ነገር ከዚህ ይቀላል። ራውተር፥ ፋየርዎል፥ የደኅንነት ካሜራ ወይም የሠራተኛ መቈጣጠሪያ ማሽን ለመግዛት ጨረታ ሲወጣ፥ በዝርዝሩ ላይ «አይፒቪ 6ን ሙሉ በሙሉ የሚቀበል» የሚል አንድ መስመር መጨመር ነው። ዛሬ ያለዚያ መስመር የተገዛ ዕቃ ለብዙ ዓመት በመሥሪያ ቤቱ ይቀመጣል፤ የኋላ ሹም ደግሞ ሁለተኛ ይገዛል።

በእጁ ያለው ስልክ በየትኛው አድራሻ እንደሚሠራ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ በማስተካከያው ውስጥ ስለ ስልኩ የሚናገረውን ክፍል ከፍቶ «አይፒ አድራሻ» የሚለውን ይመልከት። በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምር አጭር ቍጥር ብቻ ካገኘ፥ ያው ከመዝገብ ቤቱ ጸሓፊ ጀርባ ነው። «ኤፍ ኢ 80» በሚል የሚጀምር ረጅም አድራሻ ቢያይም አይደሰት፤ ያ ከግቢው የማይወጣ የውስጥ ቍጥር ነው። በሁለት ነጥብ የተከፋፈለ፥ በ2 የሚጀምር ረጅም ቍጥር ካየ ግን አዲሱ አድራሻ ደርሶታል።